«አንዱን የሰማ ሁሉንም ሰምቷል» ለሚሉን

ባለፈው ሰሞን የማኅበራችንን የሙዚቃ ምሽት ለማሰናዳት የተሰበሰበው ኮሚቴ አንድ ሐሳብ ቀርቦለት ነበር። ሐሳቡም ለምሽቱ ከተመደበው ሦስት ሰዓት ውስጥ አንዱ ለሮክ ባንዶች ይሰጥ፤ የልዩ ልዩ ባንዶች ዘፈኖችም እየተመረጡ ይሰሙ የሚል ነው። ሐሳቡ በአምስት ደቂቃ ወደቀ። የወደቀው ጊዜ አጠረ ወይም መሣሪያ ጠፋ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ነገር ግን አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «አንዱን የሰማ ሁሉንም ሰምቷል፤ አንድ ዘፈን ይበቃል» አለ፤ ተሰብሳቢው ሣቀ፤ እየሣቀም እጁን አወጣ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

ሐሳቡን ያቀረብነው እኛ ነን። ስለ ተሸነፍን አናኰርፍም፤ ብልጫ ድምፅ ብልጫ ድምፅ ነው። ይሁን እንጂ የተሸነፍንበት ቃል ከስብሰባው ወጥቶ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ክፍሉም ሲደጋገም ስለ ሰማን፣ በዚህች ጋዜጣችን ጥቂት ልንልበት ወደድን።

ሮክን የሚጠላ ሰው መብቱ ነው። ራሴን ያመኛል ቢል እናምነዋለን። ከዚህ ሁሉ ሁካታ አንድ ማሲንቆ ይበልጥብኛል ቢልም አንከራከረውም፤ እንዲያውም ከእኛም መካከል ማታ ማታ እንዲሁ የሚል አይጠፋም። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ግን የመውደድና የመጥላት ቃል አይደለም። ስለ ነገሩ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ምስክርነት ደግሞ ይመረመራል፤ እውነት ወይም ሐሰት ሆኖ ይገኛል። እኛም መረመርነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ከሳሾቻችን እውነት የያዙት የቱ ላይ እንደ ሆነ እንናገር። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ አንድ ድራም፣ አንድ የሚጮኽ ዘፋኝ፤ በአራት የሚቈጠር ምት፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ጠንክሮ የሚወርድ ዱላ፤ ይህን የሚመስል ባንድ ቢቈጠር አያልቅም። ከዚህም በላይ የብዙዎቹ ምንጭ አንድ ነው፤ እርሱም የአሜሪካ ጥቍሮች ብሉዝ ነው። የብሉዝ የታወቀው አካሄድ በሦስት ኮርዶች ብቻ ይዞራል። ቸክ ቤሪ በ1950ዎቹ ያንን አካሄድ በጊታር ካፈጠነው በኋላ በእንግሊዝ አገር ጊታር የገዛ ጎረምሳ ሁሉ የርሱን ጣት ይከተል ጀመር። ሮሊንግ ስቶንስ በጁን 1963 ያወጡት የመጀመሪያ ሸክላ «ከም ኦን» የቸክ ቤሪ ዘፈን ነው። ቢትልስም በዚያው ዓመት «ሮል ኦቨር ቤትሆቨን» የተባለውን ዘፈኑን ቀርጸዋል። እንግዲህ ከአንድ ጕድጓድ ውኃ ቀድተዋል ቢባል ማን ይክዳል?

ነገር ግን በአንድ ውኃ፣ በአንድ ጌሾና በአንድ ብቅል የጠመቁ ሁለት ጎረቤታሞች ጠላቸው አንድ እንዳልሆነ ጠጪ ሁሉ ያውቃል። ጥያቄው ስለ ውኃው አይደለም።

ለዚህ ጕዳይ ታሪክ ራሱ አንድ ፈተና አዘጋጅቶልናል። በሴፕቴምበር 1963 የሮሊንግ ስቶንስ ሥራ አስኪያጅ የነበረው አንድሩ ሉግ ኦልድሃም ለሁለተኛ ሸክላ የሚሆን ዘፈን አጥቶ ሲጨነቅ የቢትልሶቹን ጆን ሌነንንና ፖል ማካርትኒን ለንደን መንገድ ላይ አገኛቸው። ስቶንሶች ይለማመዱበት ወደ ነበረው ቤት አብረው ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች ጀምረውት የነበረውን «አይ ዋና ቢ ዩር ማን» የተባለ ዘፈን እዚያው ጥግ ይዘው ጨረሱትና ሰጧቸው። ስቶንሶች ዘፈኑን ኖቬምበር 1 ቀን 1963 አወጡት። ቢትልሶችም ራሳቸው ከበሮ መቺያቸውን ሪንጎ ስታርን አዘፍነውበት፣ በዚያው ወር በ22ኛው ቀን በወጣው ሁለተኛ አልበማቸው ውስጥ አገቡት። አንድ ግጥም፣ አንድ ዜማ፣ አንድ ወር፣ አንድ ከተማ፣ ሁለት ባንድ። ከዚህ የተሻለ ሚዛን ከየት ይመጣል?

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት ጓደኞቻችንን መኝታ ክፍል ሰብስበን፣ የባንዶቹን ስም ሳንናገር ሁለቱን አሰማናቸው። ከሰባቱ አራቱ በስብሰባው ላይ እጃቸውን በእኛ ላይ ያወጡ ናቸው። የቢትልሱ ዘፈን ይሮጣል፤ ይስቃል፤ ሪንጎ ሲጮኽ ጓደኞቹ ከኋላው እየተቀበሉ አብረውት ይጮኻሉ፤ የሰፈር ልጆች ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ የተቀረጸ ይመስላል። የስቶንሱ ሲጀመር ግን ክፍሉ ዝም አለ። ብራያን ጆንስ አውታሩ ላይ ቱቦ እያንሸራተተ ጊታሩን ያስለቅሰዋል፤ ቤዙ ከሥር ይገፋል፤ ሚክ ጃገር የሚለምን ሳይሆን የሚያስፈራራ ይመስላል። ያው ቃል ነው፤ በአንደኛው አፍ ጨዋታ፣ በሌላው አፍ ዛቻ ሆኗል። ሁለቱ የአንድ ባንድ ሥራ ናቸው ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር፣ የትኛው የቢትልስ፣ የትኛው የስቶንስ እንደ ሆነ በትክክል የለየ ግን አንድ ብቻ ነው። ስምን ማወቅና ልዩነትን መስማት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን ተረዳን። ብዙ ሰው ስሙን ስለማያውቀው ልዩነቱንም የማይሰማ ይመስለዋል።

ከሳሾቻችን ግን ሌላም ክስ አላቸው፤ ይህኛውም ከበድ ይላል። «ልዩነት የምትሉት ልብስና ጠጕር ነው፤ ነጋዴ የፈጠረው ነው» ይላሉ። በዚህ ነገር ብዙ እውነት አለ። ቢትልስ ከወደብ ከተማ ከሊቨርፑል የመጡ፣ በሃምቡርግ ጭፈራ ቤቶች የቆዳ ጃኬት ለብሰው ሌሊቱን ሲጫወቱ የሚያድሩ ጎረምሶች ነበሩ። ሙሉ ልብስና ክራባት ያስለበሳቸው ብራያን ኤፕስታይን ነው። ጃገር ደግሞ የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። እንደ እኛው ማለት ነው፤ ምናልባትም እንደ እኛው ፈተና ሲደርስ የሚያልበው። ኦልድሃም ቀድሞ ለቢትልስ የማስታወቂያ ሥራ ሠርቶ ስለ ነበር የገበያውን ባዶ ቦታ አየው፤ ቢትልስ ጨዋ ከሆኑ የእኔዎቹ ባለጌ ይሁኑ አለ። ተማሪው ዱርዬ፣ ዱርዬዎቹም የሰንበት ተማሪ ሆነው ተሸጡ።

የዚህን ንግድ መጨረሻ ማየት የሚፈልግ የኢያን ስትዋርትን ነገር ይመልከት። ስትዋርት ከሮሊንግ ስቶንስ መሥራቾች አንዱ ነው፤ ፒያኖ ተጫዋች ነው። በ1963 ኦልድሃም ሲመጣ ሰውዬው መልኩ ለፎቶግራፍ አይሆንም፣ ባንዱም ስድስት ሰው በዛበት ተብሎ ከባንዱ ወጣ። የወጣው ግን ከሥዕሉ ብቻ ነው። ዕቃ እየጫነ፣ መኪና እየነዳ አብሯቸው ቆየ፤ ቀረጻ ሲደርስም ፒያኖው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በ1985 እስከ ሞተ ድረስ። እንግዲህ ዐይን እንዳያየው የተደረገውን ሰው ጆሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰማው ኖረ ማለት ነው። በሥዕሉ የሚፈርድና በድምፁ የሚፈርድ ስለ አንድ ባንድ አይነጋገሩም። ከሳሾቻችን ሥዕሉን ስለ ናቁ ድምፁንም አብረው ጣሉት።

ታዲያ እውነተኛው ልዩነት የት ነው? እኛ እንደሚመስለን በእጅ ላይ ነው። እጅ ስንል ዘይቤ መናገራችን አይደለም፤ አምስት ጣት ያለውን እጅ ማለታችን ነው።

የብላክ ሳባዙ ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ የብረት ሠራተኛ ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠው። አዮሚ ግራኝ ስለ ሆነ አውታር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው፤ ስለዚህ ለጊታረኛ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። እርሱ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን አውታሮች ፈለገ፤ በኋላም ለተጐዱት ጣቶቹ እንዲለሰልስለት አውታሮቹን አላላቸው። የላላ አውታር ድምፁ ይወፍራል፤ ይጨልማል። በ1971 የወጣው «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» የተባለው አልበማቸው ያን ያህል የከበደው በዚህ ነው። ሄቪ ሜታል የሚባለው የሙዚቃ ዘር በብዙው ከዚያ ጨለማ ድምፅ ወጣ። ይህን ነጋዴ ሊፈጥረው ይችል ነበርን?

የኪንክሱ ዴቭ ዴቪስ ደግሞ በ1964 የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የአንዲት ትንሽ የጊታር ማጉያውን ድምፅ ጠላ። ምላጭ አንሥቶ የማጉያዋን ስፒከር ሸነተረው። የተቀደደው ስፒከር ሲንቀጠቀጥ የሚያወጣው የሻከረ ጕርምርምታ «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» በተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ ይሰማል። ዛሬ ያንን ድምፅ ለማውጣት ልዩ ልዩ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ያን ጊዜ ግን የአንድ ምላጭና የአንድ ንዴት ሥራ ነበር።

ወደ ስቶንስ ስንመለስ፣ ኪት ሪቻርድስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የጊታሩን ወፍራሙን ስድስተኛ አውታር አውጥቶ ጣለው፤ የቀሩትንም አምስት አውታሮች ሳይነኩ ሲመቱ ራሳቸው አንድ ኮርድ እንዲሆኑ አድርጎ ቃኛቸው። «ሆንኪ ቶንክ ዊመን» በ1969፣ «ብራውን ሹገር» በ1971 የወጡት ከዚህ ቅኝት ነው። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ከማንም ይልቅ መቅለል ነበረበት። ክራር ደርዳሪ ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት አውታሩን ለትዝታ ወይም ለባቲ ሲቃኝ ቁጭ ብለን ጠብቀን የለምን? ቅኝቱ ሲለወጥ ጣት የሚሄድበት መንገድ ይለወጣል፤ ጣት የሚሄድበት መንገድ ሲለወጥ ደግሞ ዜማው ሌላ አገር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚናቀው ከበሮ መቺው ነው። «ዱም ዱም ነው» ይላሉ። በ2021 የሞተው የስቶንሱ ቻርሊ ዋትስ፣ ግራ እጁ ስኔር የሚባለውን ከበሮ በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ሃይ-ሃት ከሚባለው ጥንድ ሳህን ላይ ያነሣው ነበር። ሌሎች ከበሮ መቺዎች ሁለቱን አንድ ላይ ይመታሉ። ነገሩ በዐይን ሲታይ ጥቂት ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ዘፈኑ በየምቱ ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል። ሪንጎ ስታር ግራኝ ሆኖ ሳለ ለቀኝ እጅ በተደረደረ ድራም ይጫወት ስለ ነበር፣ ከአንዱ ከበሮ ወደ ሌላው ሲሻገር እጁ ሌላ ሰው በማይሄድበት በኩል ይዞራል። የሌድ ዜፔሊኑ ጆን ቦናም ከበሮውን፣ በጥንት ዘመን የድኾች መጠለያ በነበረ አሮጌ ቤት አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ፣ ማይክሮፎኖቹ ከደረጃው ላይ ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለውን ዘፈን መታ። በ1971 የወጣውን ይህን ዘፈን የመጀመሪያውን ዐሥር ሴኮንድ ብቻ ሰምቶ «ይህ ሪንጎ ነው» የሚል ሰው ካለ፣ በእውነት ሐኪም ቤት ይሂድ እንላለን።

ይህን ሁሉ ስንተነትን ክርክሩን ያሸነፍን መስሎን ነበር። ቅዳሜውን ግን ያ «አንድ ዘፈን ይበቃል» ያለው ወንድማችን አሳፈረን። ከብዙ ዘፈኖች መካከል በ1965 የወጣውን የበርድስን «ሚስተር ታምበሪን ማን»ና በ1966 የወጣውን የቢች ቦይስን «ዉድንት ኢት ቢ ናይስ» ስናሰማው፣ «እነዚህ ሁለቱስ አንድ ናቸው፤ ከበሮውን ስሙት» አለ። ሣቅንበት። አንደኛው የቦብ ዲላን ግጥም፣ ዐሥራ ሁለት አውታር ባለው ጊታር የሚንቆረቆር፤ ሌላው በድምፅ ብዛት የታነጸ የካሊፎርኒያ መዝሙር። ከበሮውን ማን መታው ብለን ስንፈልግ ግን ሣቃችን ቆመ። በሁለቱም ዘፈኖች የመታው ሃል ብሌን የሚባል አንድ ሰው ነው።

ብሌን በ2019 የሞተ፣ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች በቅጥር ይጫወቱ ከነበሩ ሙዚቀኞች ዋነኛው ነው። እነዚህ ሰዎች በኋላ «ሬኪንግ ክሩ» በሚል ስም ታወቁ። በርድስ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ዘፈን ላይ መሣሪያ የተጫወተው ግን ከአምስቱ አንዱ፣ ሮጀር መጊን ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ቅጥረኞቹ ተጫወቱት፤ ምክንያቱም ኩባንያው የልጆቹን እጅ አላመነም። ለቴሌቪዥን ትርኢት የተሰበሰቡት ሞንኪስም በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞቻቸው መሣሪያውን በአብዛኛው ያስጫወቱት ሌላ ሰው ነው፤ ልጆቹ ታግለው በራሳቸው እጅ መጫወት የጀመሩት በ1967 በሦስተኛው አልበም ነው። ምላጩን ያመሰገንነው «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» እንኳ ከበሮው የኪንክስ ከበሮ መቺ እጅ አይደለም፤ ቦቢ ግራሃም የሚባል የስቱዲዮ ሰው ነው የመታው።

ስለዚህ ወንድማችን ተሳስቶም ልክ ነበር። የባንዶቹ ስም ሁለት ሲሆን እጁ አንድ ከሆነ ድምፁ ይቀራረባል፤ እጁ ሁለት ከሆነ ግን ዘፈኑ አንድ እንኳ ቢሆን ድምፁ ይለያያል። ከዚህ በፊት ክሱን በጅምላ ስንክድ ኖረናል፤ አሁን ግን በአንዳንዱ ባንድ ላይ ክሱ እንደሚጸና እናምናለን።

ይልቁንም ወደ ዘመናችን ስንቀርብ ክሱ ይበረታል። የካናዳው ኒክልባክ በ2001 «ሃው ዩ ሪማይንድ ሚ»፣ በ2003 «ሰምዴይ» የተባሉ ሁለት ዘፈኖች አወጣ። ሁለቱን አንድ ላይ ቢያጫውቱ አንደኛው በቀኝ ጆሮ ሌላው በግራ ጆሮ እየተሰማ፣ ሲጮኹ አብረው ይጮኻሉ፤ ዝም ሲሉም አብረው ዝም ይላሉ። ሞክረነዋል፤ ያስቃል፤ ትንሽም ያሳዝናል። ዛሬ ደግሞ የከበሮ መቺው ምት ቢዘገይ ወይም ቢቸኵል ኮምፒዩተር ወደ መሥመሩ ይመልሰዋል። ያ የቻርሊ ዋትስ ትንፋሽ በዚህ መሣሪያ ቢያልፍ እንደ ስሕተት ተቈጥሮ ይታረም ነበር።

ሊቃውንቱም በዚህ ነገር አልተስማሙም። በ2012 የስፔን ተመራማሪዎች ከ1955 እስከ 2010 የተቀረጹ ከ460 ሺህ የሚበልጡ ዘፈኖችን በኮምፒዩተር መርምረው፣ የድምፁ ቀለም እየተመሳሰለ፣ የቀረጻው ጩኸትም እየጨመረ መምጣቱን ጻፉ። በ2015 ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች በአሜሪካ የመቶዎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ ከ1960 እስከ 2010 የገቡ 17 ሺህ ያህል ዘፈኖችን መርምረው፣ ሁሉም ወደ አንድነት እየሄደ ነው የሚለውን አላገኘነውም አሉ። እንደ እነርሱ አባባል ልዩነቱ በእጅጉ የጠበበው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ሰፋ። ደግሞም በ1964 አካባቢ የተደረገው ታላቅ ለውጥ የእንግሊዝ ባንዶች አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት የጀመረ ነው ብለው ለእኛ ለቢትልስ ወዳጆች መራራ ነገር ነገሩን። ሁለቱም ጥናቶች የሚለኩት የብዙ ሺህ ዘፈኖችን አማካይ ነው። የአንድ አገር ሕዝብ ቁመት አማካይ ጎረቤታችን ረጅም ይሁን አጭር እንደማይነግረን፣ እነዚህም ስለ አዮሚ ጣት የሚሉን ነገር የለም።

ጕዳዩ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤትም ደርሷል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ነው። ጆን ፎገርቲ የክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል ዘፋኝና ደራሲ ነበር። በ1970 «ረን ስሩ ዘ ጃንግል» የተባለ ዘፈን ጻፈ፤ የዘፈኑ መብት ግን የኩባንያው ነበር። ባንዱ ፈርሶ፣ ፎገርቲም ኩባንያውን ትቶ፣ በ1984 መጨረሻ ለብቻው «ዘ ኦልድ ማን ዳውን ዘ ሮድ» የተባለ ዘፈን አወጣ። የቀድሞው ኩባንያ ከሰሰው። ክሱም በአጭሩ፣ ፎገርቲ ፎገርቲን ሰርቋል የሚል ነው። በ1988 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ነገሩ ሲሰማ፣ ፎገርቲ ጊታሩን ይዞ ምስክር መስጫው ላይ ተቀመጠና ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ ለዳኞቹ እየተጫወተ አሳያቸው። የተመረጡት ዜጎችም ሰምተው ነጻ አወጡት። አንድ ሰው ራሱን መምሰሉ ሌብነት አይደለም ማለታቸው ነው። እኛ ስንሰማቸው ሁለቱ ዘፈኖች በእርግጥ ይመሳሰላሉ፤ የአንድ ሰው እጅ ናቸውና ባይመሳሰሉ ነበር የሚገርመን። አንድ ባንድ ከአልበም አልበም ራሱን ሲመስልና አንዱ ባንድ ሌላውን ባንድ ሲመስል በአንድ ስድብ መሰደብ የለባቸውም።

ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ጕድ መደበቅ አይገባንም። የውጭ አገር ሰው የእኛን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ «ሁሉም አንድ ነው» ሲል ሰምተን እንቈጣለን። እርሱ የሚሰማው አምስት አምስት ድምፅ ያላቸውን አራት ቅኝቶች ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እኛ ግን ትዝታን ማሕሙድ አሕመድ ሲለው፣ በዛወርቅ አስፋው ስትለው፣ ጌታቸው ካሣ ሲለው፣ ገና የመጀመሪያው ቃል ሳያልቅ ማን እንደ ሆነ እናውቃለን። ጌታቸውማ ያንኑ ትዝታ አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በፍጥነት ዘፍኖት ሁለቱንም እንወዳቸዋለን፤ አንዱ ይበቃል ያለ የለም። የፈረንጁ ጆሮ ደንቆሮ ሆኖ አይደለም፤ ከቅኝቱ አልፎ ወደ ሰውየው የሚያደርሰውን መንገድ ገና ስላልሄደበት ነው። እኛ ያንን መንገድ የሄድነው በእናታችን ጀርባ ላይ ታዝለን ስለ ሆነ፣ የሄድን እንኳ አይመስለንም።

ከእኛ ከሮክ ወዳጆች መካከልም ባለፈው ዓመት አዝማሪ ቤት ተጋብዞ ሄዶ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቀመጥ «ያው አንድ ማሲንቆ ነው» ብሎ ተመልሶ የተኛ አለ። ስሙን አንጠራም፤ ከዚህ ጽሑፍ ፈራሚዎች አንዱ ስለ ሆነ። አዝማሪው ያን ማታ በእንግዶቹ ላይ ምን እንደ ተቀኘ ጓደኞቹ እስከ ዛሬ እየሣቁ ይነግሩታል፤ እርሱ ግን ተኝቶ ነበር።

ለኮሚቴው የምናቀርበው አዲስ ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንድ ሰዓት አንጠይቅም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃናል። ስድስት ጥንድ ዘፈኖች የባንዱ ስም ሳይጠራ ይሰማሉ። በየወንበሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት እናስቀምጣለን፤ ሰሚው በየጥንዱ ፊት «አንድ እጅ» ወይም «ሁለት እጅ» ብሎ ይጽፋል፤ ስም ማወቅ አያስፈልገውም። ከስድስቱ አንዱን ጥንድ በተንኰል እንደምናስገባ ከወዲሁ እንናገራለን። ወረቀቱን የሚቈጥረው «አንድ ዘፈን ይበቃል» ያለው ወንድማችን እንዲሆን እንለምናለን፤ ጆሮው ከእኛ የተሻለ መሆኑን አይተናልና። ከተሰብሳቢው ግማሹ መለየት ካልቻለ፣ ምሽቱ ሲያልቅ የአዳራሹን ወንበሮች ሁሉ የምንሰበስበው እኛ ነን።